በኖራ የሰጠመችው ደሴት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በሐረር በፈላና በር አጠገብ ባለው አሮጌ ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የሰፈሩን አሮጌ ግንቦች ለጎብኚ ለማሳየት የተቋቋመው ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ትሑት ወጣት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሰሌዳ ታቅፎ ከጓሮው ግንብ በስተግራ ቆሟል። ግንበኛው በስተቀኝ ኖራ የተበጠበጠበትን ባልዲ እግሩ ሥር አስቀምጦ ብሩሹን ያርሳል። የግቢው ባለቤት ፋጡማ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ከጓሮው በር ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ለእንግዳ ከወጡት ሁለት ወንበሮች በአንደኛው ላይ መምህር ኃይሉ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ወንበር የእኔ ነበር፤ እኔ ግን ከግንቡ ፊት ለፊት መቆም መረጥኩ።

የተጠራነው ለምስክርነት ነው። በግንቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ነጭ እብጠት አለ፤ አስጎብኚዎቹ ለዓመታት አዞ ሲሉት ኖረዋል፤ አሁን ኮሚቴው በጥንት ዘመን ከተማዋን ይጠብቅ የነበረ አዞ ምስል ነው ብሎ ሰሌዳ አሠርቶለታል። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ግንቡ አንድ ጊዜ ኖራ ይቀባል፣ ሁለት አዛውንት ደግሞ ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ መምህር ኃይሉ እንደ ተማረ ሰው፣ እኔ እንደ ሰፈሩ ተወላጅ። ፋጡማን የምጠይቃት ከፊተኛው ቤት ስለሆነ ይህን ጓሮ ከረገጥኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የአዞውንም ነገር አልሰማሁም ነበር። ግንበኛው ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ሲነክር የእርጥብ ኖራ ሽታ አፍንጫዬን አቃጠለኝ፣ ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየሁ፤ አወቅኋትም።

ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ይህ ወፍጮ ቤት የሙሴ ማኖሊ ነበር። ሙሴ ማኖሊ ግሪካዊ ናቸው፤ ሙሴ ያኔ ፈረንጅን በአክብሮት የምንጠራበት ነው። መቼና እንዴት እንደ መጡ ጠይቄ አላውቅም፤ ለእኛ ለልጆች ከወፍጮው ሞተር ጋር አብረው የተተከሉ ሰው ነበሩ፤ ቅንድባቸው በዱቄት ብናኝ ከመንጣቱ የተነሣ ሽማግሌ ይሁኑ ጎልማሳ ለማወቅ ፊታቸውን ሲታጠቡ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። በዓመት በዓል ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይመጡና ሲያማትቡ እጃቸው ከግራ ትከሻ በፊት ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል፤ እኛም ከኋላ ሆነን ሙሴ ዛሬም ተሳሳቱ እያልን እንስቃለን። አማርኛቸው ግማሹ ኦሮምኛ፣ ከቀረው ግማሹ አደርኛ ነበር፤ ሲቆጡ ብቻ ማንም የማያውቀው ይሆናል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ማሽላውን በኬሻ አሸክማ ትልከኝ ነበር። ፋጡማም ከጀጎል ውስጥ ከእናቷ ጋር ትመጣለች፤ ሁለታችንም ተራ እስኪደርሰን ግማሽ ቀን እንጠብቃለን። ሞተሩ አሮጌ ስለነበር ጥቂት ኬሻ እንደፈጨ ይሞቃል፣ ሙሴ ማኖሊም ያጠፉታል፤ እስኪበርድ ድረስ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰው ያማሉ። ግንቡ ላይ ያለችው ደሴት የተሠራችው ሞተሩ እስኪበርድ ነው። ለዚህ ነው አንድ በጋ ሙሉ የፈጀችው።

አንድ ቅዳሜ ሙሴ ማኖሊ በከሰል ግንቡ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመሩና ባልዲ እንድንይዝላቸው ጠሩን። ኖራና አሸዋ ለውሰው በመዳፋቸው እየመረጉ፣ የማሽላ አገዳ በመሰለ ቀጭን እንጨት እየፈለፈሉ የተወለዱባትን ቀርጤስን ሠሩ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተጋደመች ረጅም ደሴት ናት። ርዝመቷ ከሐረር ጅጅጋ ደርሶ መልስ ነው፣ ከዚያም ገና ይቀራል አሉን፤ በጠባቧ በኩል ግን ጠዋት ከአንዱ ባሕር የተነሣ እግረኛ ለምሳ ሌላውን ባሕር ያያል። በምዕራብ ጫፏ ሁለት ቀጫጭን መሬቶች ጎን ለጎን ወደ ሰሜን ባሕር ይገባሉ። ተራራዎቿ በሦስት ቦታ ተሰብስበዋል፣ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በመካከል፣ አንዱ በምሥራቅ፤ በክረምት በረዶ ይለብሳሉ። በረዶ ምን እንደሚመስል ስንጠይቃቸው ወደ ወፍጮው ውስጥ ወስደው ዱቄት የተኛበትን የመስኮት ደፍ አሳዩን። በስተደቡብ ያለውን ባሕር ለነጭ ልብስ በሚደረገው ሰማያዊ ዱቄት ቀቡና፣ ከዚህ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሄደ መርከብ የእናንተን ምድር አፍሪካን ይነካል፣ እኔ ከሩቅ አልመጣሁም፣ ከማዶ ነው የመጣሁት አሉ።

ከዚያ ቀጥሎ የነገሩን ከትምህርት ቤት ከሰማሁት ሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ ቀርቷል። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በዚያች ደሴት ላይ ክፍሎቻቸው የማይቆጠሩ ቤተ መንግሥቶች ነበሩ፤ ትልቁ ክኖሶስ በሰሜን፣ ፌስቶስ በደቡቡ ሜዳ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ምሥራቅ። ዘይትና እህል የሚቀመጠው ከሰው በሚበልጡ ጋኖች ነው። ወጣቶቹ ወንድም ሴትም እየሮጠ የሚመጣን ኮርማ ቀንድ ይዘው በጀርባው ላይ ተገልብጠው ይዘሉ ነበር፤ ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ዛሬም አለ። ጽሑፍ ነበራቸው፤ እስካሁን ግን ማንም አላነበበውም። በስተሰሜን ያለች ሌላ ደሴት በእሳተ ገሞራ ፈነዳች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ያ ሁሉ ነገር ፈረሰ።

ፋጡማን ያላስተኛት ግን ሌላ ነበር። ሙሴ ማኖሊ እነዚያ ከተሞች እንደ ጀጎል ያለ ግንብ አልነበራቸውም አሉ። ፋጡማ ከተማ ማለት ግንብ ነው ብላ ያደገች ልጅ ናትና ባልዲውን መሬት አስቀምጣ፣ “ታዲያ ጅቡስ?” አለቻቸው። ጅብ የለም አሉ። ጅብ የሌለበት አገር እንዴት ያለ አገር ነው ብላ እስከ ማታ ስትብሰለሰል ዋለች።

እኔን የያዘኝ ከመካከለኛው ተራራ በስተደቡብ ያለው ጎርቲና የሚባል ከተማ ነው። እዚያ ከቤተ መንግሥቶቹ ዘመን ብዙ ቆይቶ ሕጋቸውን በድንጋይ ግንብ ላይ ቀረጹት፤ አንዱ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለው ከቀኝ ወደ ግራ፣ በሬ ትልሙን ጨርሶ እንደሚመለሰው። ከሕጉም አንዱ ሴት ልጅ ከአባቷ ርስት ድርሻ አላት ይላል፣ የወንዱ ግማሽ። ፋጡማ የእኛም ሕግ እንደዚያ ይላል ብላ አልተገረመችም። እኔ ግን አያቴ ከሸዋ መጥቶ ያቀናውን ቦታ አጎቶቼ ሲካፈሉ እናቴን ማንም እንዳላስታወሳት አውቅ ስለነበር ሁለቴ አስደገምኳቸው።

ኖራው ሳይደርቅ በየከተሞቹ ቦታ አንዳንድ ነገር እንድንተክል ፈቀዱልን። እሳቸው ለክኖሶስ የሰማያዊ ጠርሙስ ቂጥ መረጡ። ፋጡማ ከእናቷ የተሰበረ ሳህን አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ስባሪ አምጥታ ፌስቶስ ላይ ሰካች። እኔ ከአንገቴ አንድ ቀይ ዶቃ ፈትቼ ጎርቲና ላይ ተከልኩ፤ ሙሴ ማኖሊ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉልኝ። እናቴ ዶቃው ጎደለ ብላ ዋጥሽው ወይ ስትለኝ ዋጥኩት አልኳት፤ ከመቆጣት ይልቅ ደንግጣ ሁለት ቀን ተልባ አጠጣችኝ።

በዚያው ዓመት የጂኦግራፊ መምህራችን የምታውቁትን አንድ ቦታ ጻፉ አሉን። መምህር ኃይሉ ያኔ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድበው የመጡ፣ ካልሲያቸው ከክራቫታቸው ጋር የሚመሳሰል፣ ከአፋቸው የወጣው ሁሉ ያለቀለት ነገር የሆነ ወጣት ነበሩ። ሌላው ልጅ ስለ ድሬ ዳዋና ስለ ሐረማያ ሐይቅ ጻፈ። እኔ አራት ገጽ ሞልቼ ስለ ቀርጤስ ጻፍኩ። መምህሩ ወረቀቴን በክፍሉ ፊት አነበቡት፤ ኮርማው ላይ ሲደርሱ አሳቁብኝ፣ ግንብ የሌለው ከተማ ላይ ሲደርሱ አላሳቁም። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህን የሚል አንድም መጽሐፍ የለም፣ ማን ነገረሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ወፍጮ አስፈጪ መሆንሽን እንጂ የወፍጮ ቤት ተማሪ መሆንሽን አላወቅሁም አሉኝ። ከዚያ አባቴ ተጠራ።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ ቀርጤስ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐዋርያው የዚያች ደሴት ሰዎች ውሸት ልማዳቸው ነው ማለቱን። መጽሐፍ የመሰከረባቸው ሕዝብ ናቸው፣ ልጄን ያሳታት እንዲህ ያለ ሰው ነው አለ፤ መምህሩም ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። ሙሴ ማኖሊ ራሳቸው ይህችን ነገር ያውቋት ነበር። አንድ ቅዳሜ እየሳቁ፣ “ውሸታሞች ናቸው ብሎ የተናገረው የገዛ አገራችን ሰው ነው፤ እስቲ እሱን ልታምኑት ነው?” ብለውን ነበር። ለአባቴ ልነግረው አሰብኩ፤ አልነገርኩትም። አባቴ ፊት ነገር አይመለስም።

ሰኞ ጠዋት በባንዲራ ሰልፍ ላይ ከመስመር አውጥተው ደረጃው ላይ አቆሙኝ። እንድል የታዘዝኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ የጻፍኩት ውሸት ነው፣ የነገረኝም ሰው ውሸታም ነው። ያልሰሙ አሉ ተብዬ ደገምኩት። ሰኞ የትምህርት ቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት የሚረከብበት ቀን እንደሆነ ያሰበ አልነበረም። ለሁለተኛ ጊዜ ስናገር ቀና አልኩ፤ ሙሴ ማኖሊ በሩ አጠገብ ከጋሪያቸው ጎን ቆመው ነበር። ባንዲራ ሲሰቀል እንደሚያደርጉት ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። ስጨርስ መልሰው አደረጉት፤ ከረጢቶቹንም አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኬሻውን አሸክማ እናቴ ላከችኝ። አልሄድም ማለት አይታሰብም። ሙሴ ማኖሊ ማሽላዬን ተቀበሉኝ፣ አድቅቀው ፈጩልኝ፣ ሲያስረክቡኝም እንደ ሌላው ቀን የኬሻውን ጫፍ ጠምዝዘው አሰሩልኝ። ስለ ደሴቲቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ ሞተሩ ሲበርድ ገብተው ከውስጥ ይቀመጡ ነበር። በዓመቱ ወፍጮ ቤቱን ለፋጡማ አባት ሸጡ። ድሬ ዳዋ ወረዱ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ለትምህርት ቤቱ አዲስ የታሪክ መጻሕፍት መጡ። በሁለተኛው ምዕራፍ ቀርጤስ ነበረች፤ ሦስቱ ተራራዎች፣ ቤተ መንግሥቶቹ፣ ጋኖቹ፣ ያልተነበበው ጽሑፍ። ኮርማው በሥዕል ነበር፤ ልጁ በጀርባው ላይ ተገልብጦ እግሩ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል። ያን ዓመት ታሪክ የሚያስተምሩን መምህር ኃይሉ ነበሩ። ምዕራፉን በሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማሩን፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርታዋን ሳሉ፣ እንደዚህ ላሉ ከተሞች መከላከያ ግንብ አለመኖሩ የሚደንቅ ነው አሉ፤ በፈተናም ጠየቁን። ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይቅር እላቸው ነበር ብዬ አልጽፍም፤ አላውቅም። ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።

ይህን ሁሉ ኖራው ሸፈነው። ፋጡማ ቤት ረመዳን ሊገባ ሲል ያልጸዳና ያልተቀባ ግድግዳ አይገኝም፤ እናቷ ንጽሕናን የምትወድ ሴት ነበረች፣ የጓሮውን ግንብም እንደ ሳሎኑ ታከብረው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሰማያዊው ባሕር ጠፋ። ከዚያ ሸለቆዎቹ ተደፈኑ፣ ከተሞቹ ሰጠሙ፣ ተራሮቹ ክብ ክብ ሆኑ፤ እናቷ ስታልፍ ፋጡማ ቀጠለች፤ በየዓመቱ አንድ የኖራ ልብስ፣ በፍቅር። እሳተ ገሞራ የጀመረውን እጅ ጨረሰው። የቀረው ጀርባው የጎበጠ፣ በምሥራቅ በኩል የቀጠነ፣ በምዕራብ በኩል ሁለት ጣት ያወጣ ነገር ነው። አፉን የከፈተ አዞ ያሉት እነዚያን ሁለት ጣቶች አይተው ነው።

ሐሙስ ዕለት ለጸሐፊው ይህን በአጭሩ ነገርኩት። ቀርጤስ የምትባል የግሪክ ደሴት ካርታ ናት፣ የሠሯት ሙሴ ማኖሊ ናቸው፣ ባልዲ የያዝነው እኔና ፋጡማ ነን አልኩ። ፋጡማም ከደፏ ላይ፣ “ወላሂ ደሴት ናት። እኔና እናቴ ነን በኖራ ያሰጠምናት፤ አዞስ ቢሆን ይህን ያህል ዓመት ሳይበላን ይቀራል?” አለች። ግንበኛው ሳቀ። ጸሐፊው በአክብሮት አዳመጠን፤ ከዚያ በዚያው አክብሮት፣ “እማማ፣ ሰነድ አለዎት?” አለኝ። እኔና ፋጡማ በእጃችን የሠራነው ነው፤ እጃችንም እዚያው ነበር። ሰነድ የለኝም አልኩት። ለአዞው ምን ሰነድ እንዳለው አልጠየቅሁትም፤ ልጠይቀው ይገባ ነበር።

ጸሐፊው ወደ መምህር ኃይሉ ዞረ። መምህሩ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀና አደረጉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ አእምሯቸው ግን ከእኔም ይሻላል፤ ይህንም የምጽፈው ረስተው ነው እንዳይባልላቸው ነው።

“ያ ወፍጮ ፈጪ የታወቀ ውሸታም ነበር” አሉ። “እሷው ራሷ በተማሪ ሁሉ ፊት ቆማ መስክራበታለች። ሁለት ጊዜ። አላልሽም?”

“ብያለሁ” አልኩ። “በሕይወቴ በአደባባይ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።”

ጸሐፊው ምን እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት ብዕሩን ይዞ ቀረ። ከዚህ ኖራ ሥር፣ ከመካከለኛው ተራራ ግርጌ፣ ቀይ ዶቃ አለ፤ ግንበኛው ትንሽ ይፋቅልህና እየው አልኩት። ልጁ ደነገጠ። ግንቡ ቅርስ ነውና መፋቅ አይቻልም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱም ከላይ ነው አለኝ። ይህን እየነገረኝ ግንበኛው አዲሱን ኖራ ከምሥራቅ ጫፍ ጀምሮ መቀባት ጀምሯል። መቀባት ፈቃድ አያስፈልገውም። እውነቱ ከአንድ ጥፍር ውፍረት በታች ተቀምጦ ሳለ በላዩ ላይ መጨመር ሥራ ነው፣ ማንሳት ግን ወንጀል ነው። ያኔም ሰልፉ ላይ እንዲሁ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ሄዶ ሰውየውን የጠየቀ ግን አልነበረም።

የቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስንዝሬ ያኔ ትንሽ ስለነበር በስንዝር መለካቱን ትቼ በተራራዎቹ ሄድኩ። የምዕራቡን በመዳፌ አለፍኩ፣ መካከለኛውን አገኘሁ፣ ከጫፉ ወደ ደቡብ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ጸሐፊው እማማ እማማ ይላል፤ እጄን ግን አልያዘኝም፣ ለዚያ ያህል በደንብ ያደገ ልጅ ነው። ኖራው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተላጠ ወረደ፤ የፋጡማ ዓመታት፣ የእናቷ ዓመታት፣ ከዚያ ቀጭን የሰማያዊ አቧራ ምልክት፣ ከዚያ ግራጫው የሙሴ ማኖሊ ልስን። ቀጥሎ ቁልፉ ጠንካራ ነገር ነካ።

ቀይ ነው። በዙሪያው የአውራ ጣት ጉድጓድ አለ።

ግንበኛው ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ። መምህር ኃይሉ ለማየት ከወንበሩ ሊነሡ ከዘራቸውን ተደገፉ። እኔ ቁልፉን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ደፉ ላይ ጎንበስ ብዬ ፋጡማን ሳምኳት፣ ወጣሁ።